የድምፅ መድረክ ምንድን ነው?

ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ዓይኑን ቢጨፍንም ማን ከየት እንደሚያዜም ያውቃል። ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ሲቀባበሉ ዜማው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከበሮው ከመሀል ይመታል፤ ጸናጽሉ በየእጁ ይንሿሿል። ይህንኑ በስልክ ቀድቶ በዚያው በስልኩ ማጉያ ቢያደምጠው ዜማው አለ፤ ቦታው ግን የለም። ግራውም ቀኙም ከአንዲት ቀዳዳ ይወጣል። ያ የጠፋው ነገር በባለሙያዎች ዘንድ «ሳውንድ ስቴጅ» ይባላል። እኔ የድምፅ መድረክ ብዬዋለሁ።

«ኢሜጂንግ» የሚባል ወንድም ቃልም አለው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። መድረኩ ስፋቱና ጥልቀቱ ነው። ኢሜጂንግ ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች በዚያ መድረክ ላይ የቆመበት ቦታ ምን ያህል ጥርት ብሎ ይለያል የሚለው ነው። ሰፊ ሆኖ ሁሉም የተድበሰበሰበት መድረክ አለ፤ ጠባብ ሆኖ «ክራሩ እዚያ ጋ ነው» ብሎ ጣት የሚያስቀስርም አለ።

ጆሮ ብቻውን አቅጣጫን አይለይም። አቅጣጫን የሚያወጣው አንጎል ነው፤ የሚያወጣውም የሁለቱን ጆሮዎች ወሬ አስተያይቶ ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮን ቀድሞ ይነካና ግራውን ለማግኘት ራስ ቅልን ይዞራል። የሚዘገየው ቢበዛ ወደ 0.65 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ አንጎል ግን ይህችን ታህል ልዩነት አያልፋትም። ጭንቅላት እንደ ግርዶሽ ስለሚከልልም ቀጫጭኑ ድምፅ ለሩቁ ጆሮ ደክሞ ይደርሳል። ስለዚህ የወፍራሙን ድምፅ አቅጣጫ በይበልጥ በሰዓቱ፣ የቀጭኑን ደግሞ በጉልበቱ እንለያለን።

ስቴሪዮ ይህን ዳኛ፣ አንጎልን፣ የሚያታልል ዘዴ ነው። ሁለት ማጉያዎች አንድ ዓይነት ድምፅ በእኩል ኃይል ሲያወጡ አንጎል ሁለት ድምፅ ሰማሁ አይልም፤ በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ አንድ ዘፋኝ ያቆማል። የአንዱ ማጉያ ኃይል ከፍ ሲል ዘፋኙ ወደዚያ ይራመዳል። የኃይል ልዩነቱ ወደ 15 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ ሲሆን ማጉያው ላይ ይለጠፋል።

ዘዴውን ወግ ያስያዘው አላን ብሉምላይን የተባለ የእንግሊዙ ኩባንያ የኢ.ኤም.አይ. መሐንዲስ ነው። ሲወራ እንደኖረው ከሚስቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ፣ ተዋናዩ በሸራው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ድምፁ ካለበት አልነቃነቅ ማለቱ አላስደሰተውም። በአውሮፓውያኑ 1931 መጨረሻ የፈጠራ መብት አመለከተ፤ ሁለቱን ድምፆች በአንድ የሸክላ ቦይ ሁለት ግድግዳዎች ላይ የመቅረጽ ሐሳብ ሳይቀር በማመልከቻው ውስጥ ነበር። የስቴሪዮ ሸክላ ገበያ የወጣው ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ብሉምላይን ይህን አላየም፤ በ1942 በራዳር ሙከራ ላይ ሳለ በአውሮፕላን አደጋ በ38 ዓመቱ ሞቷል።

ዛሬ የምንሰማው አብዛኛው መድረክ ከአዳራሽ የተቀዳ ሳይሆን ስቱዲዮ ውስጥ የተገነባ ነው። መሣሪያዎቹ ለየብቻ ይቀዳሉ፤ በሚክሲንግ ማለትም በማዋሃጃው ጊዜ ባለሙያው ቁልፍ አዙሮ ጊታሩን ወደ ግራ፣ ኦርጋኑን ወደ ቀኝ ይመራል። ሳክስፎኑን ወደ ኋላ ማስፈግፈግ ሲፈልግ የክፍል ማስተጋባት ይጨምርበትና ጥራቱን ያለዝበዋል። አንዳንዱ ያበዛዋል፦ ድራሙን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዘረጋዋል፤ ድራመሩ የሦስት ሜትር ክንድ ያለው ይመስላል።

በማዳመጫ ሲሰማ ደግሞ የግራው ለግራ ጆሮ ብቻ፣ የቀኙም ለቀኝ ብቻ ስለሚደርስ መድረኩ ከፊት መሆኑ ቀርቶ ራስ ቅል ውስጥ ይተከላል።

ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አንዱን ማጉያ ቁምሳጥን ላይ፣ ሌላውን ከሶፋ ጀርባ የሚያኖር ሰው መድረክ አልገዛም። ሁለቱ ማጉያዎችና አድማጩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ማጉያዎቹ 2 ሜትር ከተራራቁ አድማጩም ከእያንዳንዱ 2 ሜትር ይራቅ። ከጎን ግድግዳ ነጥሮ የሚመለስ ድምፅ ምስሉን ስለሚያደበዝዘው ማጉያውን ጥግ ውስጥ መወሸቅ አይበጅም። ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ብንጠጋ ዘፋኙም ተከትሎን ይመጣል፤ አንጎል የሚያምነው ቀድሞ የደረሰውን ነውና። እንግዲህ በአንድ ሳሎን ውስጥ ሙሉው መድረክ የሚታየው መሀሉን ለያዘ ሰው ብቻ ነው፤ ቤተሰብ ይህን እንዴት እንደሚከፋፈል አላውቅም።

እኔ ራሴ አንድ ሰሞን ነገሩ ሁሉ ተረት ነው ብዬ ነበር። አዲስ የተገጠሙልኝ ማጉያዎች ድምፃዊቷን መሀል ከማቆም ይልቅ በክፍሉ ሁሉ እንደ ጭስ ይበትኗት ነበር፤ ቤዙም ጠፍቷል። ለካ የአንዱ ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገልብጦ ኖሯል፤ አንዱ ማጉያ አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሽቦውን አስተካክዬ ያንኑ ዘፈን ስከፍተው ከቴሌቪዥኑ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ማጉያ በሌለበት ቦታ ላይ ቆመች።