እንጨትን በእሳት ማስጌጥና የጃፓኖቹ ያኪሱጊ

እንጨትን በእሳት የማስጌጥ ሙያ ሁለት ዋና መልክ አለው። አንደኛው በጋለ ብረት ጫፍ እንጨት ላይ ሥዕል፣ ጽሑፍ ወይም ሐረግ ማውጣት ነው። ሁለተኛው የሳንቃን ፊት ከዳር እስከ ዳር አክስሎ ለቤት ግድግዳ ወይም ለቁሳቁስ ማዋል ነው። በሁለቱም መልኩን የሚሰጠው ከውጭ የተቀባ ቀለም ሳይሆን የከሰለው እንጨት ራሱ ነው። የሚለያቸው የቃጠሎው ጥልቀት ነው፤ ሠዓሊው ላዩን ብቻ ሲያሳርር የጃፓን ግድግዳ ሠሪ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ያከስላል። በአማርኛ ስለዚህ ሙያ የተሰናዳ ጽሑፍ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ይህ ዳሰሳ ከሁሉ ይልቅ በምዕራብ ጃፓን ስለሚሠራው ያኪሱጊ፣ ማለትም ሱጊ ከሚባል ዛፍ የተሠራ ሳንቃን ፊት ስለማክሰል፣ ሰፋ አድርጎ ይናገራል።

እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ የያዘውን ውሃ ይለቃል። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲያልፍ ሄሚሴሉሎስ የተባለው ክፍሉ መፍረስ ይጀምራል፤ ከ300 ዲግሪ ገደማ በኋላ ደግሞ ሴሉሎሱ በፍጥነት ይበታተናል። ተቀጣጣዮቹ ጋዞች ወጥተው ሲነዱ የሚቀረው፣ አብዛኛው ካርቦን የሆነ ከሰል ነው። እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶችና ነቀዞች የሚመገቡት እሳት ያፈረሰውን ክፍል ስለሆነ ከሰሉ ላይ የሚበሉት አያገኙም። ከዚህም በላይ ከሰል ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ወፍራም ምሰሶ ቃጠሎ ውስጥ ቶሎ የማይወድቀው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ የአውሮፓ የግንባታ ደንብ ለጥድ መሰል እንጨቶች የሚያስበው የመክሰል ፍጥነት በደቂቃ 0.65 ሚሊሜትር ነው። ይህን ባሕርይ የጥንት ሰዎችም ያውቁት ነበር። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ክፍለ ዘመን ሲጽፍ፣ ረግረግ መሬት ላይ ለሚቆም ሕንፃ የወይራ ወይም የሌላ እንጨት ችካል አክስሎ መትከልን ይመክራል።

ያኪሱጊ የሚሠራበት ዛፍ ሱጊ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ክሪፕቶሜሪያ ጃፖኒካ ይባላል። ብዙዎች የጃፓን ዝግባ ቢሉትም ከሊባኖሱም ሆነ ከኢትዮጵያው ዝግባ ጋር ቤተሰብ አይደለም። ከሐበሻ ጥድና ከፈረንጅ ጥድ ጋር ግን በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፣ እንጨቱም ቀላልና ለስላሳ ነው። በአንዱ ዓመት ቀለበት ውስጥ ለስላሳውና ጠንካራው ክፍል በግልጽ ስለሚለይ፣ እሳት ሲያገኘው ለስላሳው ቀድሞ ይከስልና ጠንካራው እንደ ጅማት ጎልቶ ይወጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ተራሮቿን በሱጊ በሰፊው ስለሸፈነች፣ ዛሬ በየጸደዩ ብዙ ሕዝብ በዛፉ ብናኝ አለርጂ ይሠቃያል። ለዚህ ሁሉ ደን ጠቃሚ ሥራ ማግኘት ለአገሪቱ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሙያው በብዛት የሚገኘው በምዕራብ ጃፓን፣ በተለይ በሴቶ የውስጥ ባሕር ዙሪያ ባሉት በኦካያማ፣ በካጋዋና በሂዮጎ ነው። በቶኪዮና በምሥራቁ ብዙም አልተለመደም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ በብዛት ይነገራል። እድሜው ምንም ይሁን ምን፣ የዳበረበት ምክንያት ቦታው ላይ ይታያል። በዚያ አካባቢ የቆዩ ቤቶችና ጎተራዎች ግድግዳቸው የጭቃ ምርግ ስለሆነ በነፋስ የሚገፋ ዝናብና የባሕር ጨው ያፈርሳቸዋል። በምርጉ ላይ የከሰለ ሳንቃ ቁመቱን ይዞ ሲመታበት፣ ግድግዳው ከቀለምና ከተደጋጋሚ ጥገና ይድናል። ኩራሺኪ ከተማ ያሉት የድሮ ነጋዴዎች ሰፈሮችና የናኦሺማ ደሴቷ ሆንሙራ መንደር ይህን አሁንም ያሳያሉ።

አሠራሩ መሣሪያ አያበዛም፤ ብልሃቱ ግን አስደናቂ ነው። ሦስት ሳንቃዎች ጎን ለጎን ተገጥመው ሦስት ማዕዘን ያለው ረጅም ቱቦ ይሠራሉ፤ በሽቦ ይታሰራሉ። በታችኛው አፍ የተጨማደደ ወረቀት ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ተጎስጉሶ እሳት ይለኮስበታል፣ ከዚያም ቱቦው እንዲቆም ይደረጋል። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲፈተለክ ከታች አዲስ አየር ይስባል፤ ቱቦው ራሱ የጭስ ማውጫም ምድጃም ይሆናል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነበልባሉ እየጮኸ በላይኛው አፍ ይወጣል። አናጺው ድምፁን እየሰማ፣ የነበልባሉን ቁመት እያየ፣ አንዳንዴም ቱቦውን ገልብጦ ቃጠሎውን እኩል ያደርጋል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሽቦው ይፈታል፣ ሳንቃዎቹ ተለያይተው መሬት ላይ ይወድቃሉ፣ ውሃ ይደፋባቸዋል። የሚገርመው፣ ሳንቃዎቹ አንዱ ሌላውን እያሞቁ ይነዱ የነበሩት በመደጋገፍ በመሆኑ፣ ሲለያዩ ነበልባሉ ወዲያው ይደክማል። ከሰሉ የአዞ ቆዳ ይመስል ተሰነጣጥቆ ጥቁር ያንጸባርቃል፤ የሳንቃው ጀርባ ግን እንደነበረ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ምርት በፋብሪካ የጋዝ እሳት ሥር በሚያልፍ ሳንቃ የሚሠራ ነው። ፈጣን ነው፣ መጠኑም ወጥ ነው፤ የከሰለው ፊት ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። በእጅ የጋዝ መለብለቢያ የሚሠራውም እንደዚሁ ነው፤ ፊቱ ይጠቁራል እንጂ ጠልቆ አይከስልም። ያኪሱጊ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ ያለ እንክብካቤ ይቆያል የሚለውን አባባል መመዘን ያለበት ከዚህ አንጻር ነው። በሴቶ ዳርቻ ላሉት በወፍራሙ ለከሰሉት ሳንቃዎች አባባሉ እውነትነት አለው። በስሱ የተለበለበውን ግን ፀሐይና ዝናብ ቶሎ ያሳሳዋል፤ ከሥራው በኋላ ዘይት ካልተቀባ ብዙም ጥቅም አይሰጥም። ምስጥን ይከላከላል የሚባለውም በግማሽ መወሰድ አለበት፤ ምስጥ ባልከሰለው ጀርባ በኩል መግባት ይችላልና። እሳትን በተመለከተም የከሰለ ፊት ለመቀጣጠል ይዘገያል እንጂ እሳት የማይነካው አይሆንም።

ከሰሉ እንዳለ ከተተወ ልብስ ያጠቁራል፤ ሻካራ ጥቁርነቱን የሚወዱ ግን አይነኩትም። ሌሎች አንዴ በብሩሽ ጠርገው ጥቁር ቡናማ ያደርጉታል፤ ደጋግመው ከጠረጉት ጅማቱ ወጥቶ ቀለሙ ይፈካል። ጃፓኖች ለዚህ የሚጠቀሙበት ኡዙኩሪ የሚባል፣ ከሣር ሥር ተጠፍሮ የታሰረ ጠንካራ መጥረጊያ አላቸው፤ ለስላሳውን ክፍል ብቻ እየበላ ጠንካራውን ይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የጃፓን የግንባታ ሕግ በከተሞች የእንጨት ግድግዳን ሲገድብ፣ የሲሚንቶ ሥራዎችም ሲረክሱ ሙያው ተዳከመ። ወደ ዓለም መድረክ ያወጡት አርክቴክቱና የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁሩ ቴሩኖቡ ፉጂሞሪ ናቸው። በ1946 በናጋኖ ግዛት በቺኖ ተወለዱ፤ ለረጅም ዘመን በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው የመጀመሪያ ሕንፃቸውን በ1991 ሠሩ። በ2005 በኦይታ ግዛት በታኬታ ያስገነቡት የራሙኔ ፍል ውሃ ቤት ግድግዳው ጥቁር ሳንቃና ነጭ ልስን የሚፈራረቁበት ባለ መስመር ነው፤ በማማዎቹ ጫፍ ላይም ሕያው ጥድ ተተክሏል። በ2007 በናጋኖ የሠሩት፣ ስሙም ያኪሱጊ ቤት የሆነው መኖሪያ፣ 8 ሜትር የሚደርሱ ሳንቃዎች አሉት። ይህን ያህል ርዝመት ማክሰል ከባድ ነው፤ እሳት ሳንቃውን ስለሚያጣምመው በመካከል የሚፈጠረውን ክፍተት በልስን ሞልተው የግድግዳው ጌጥ አደረጉት። ፉጂሞሪ ባለሙያ ያልሆኑ ወዳጆቻቸውን ሰብስበው በገዛ እጃቸው የሚያከስሉ ናቸው፤ በ2006 በቬኒስ የሥነ ሕንፃ አውደ ርዕይ የጃፓንን ድንኳን የመሩትም እርሳቸው ነበሩ። በናኦሺማ ደግሞ አርክቴክቱ ታዳኦ አንዶ በ1999 ያሠሩት ሚናሚዴራ የተባለው ሕንፃ በከሰለ ሱጊ ተሸፍኖ፣ በውስጡ የአሜሪካዊውን አርቲስት የጄምስ ተሬልን የብርሃን ሥራ ይዟል። ከጃፓን ውጭ እንግሊዛዊው ቀራጺ ዴቪድ ናሽና ሆላንዳዊው ዕቃ ነዳፊ ማርተን ባስ በከሰለ እንጨት ሥራ ይታወቃሉ።

እሳት በጃፓን ከግድግዳ ውጭም ብዙ ሥራ አለው። ኪሪ ከሚባለው ቀላል ዛፍ የሚሠሩ ሣጥኖች ፊታቸው ተለብልቦ በኡዙኩሪ ይጠረጋል። ኮቶ የተባለው ባለ 13 አውታር መሣሪያ የድምፅ ሣጥኑም ከዚሁ ዛፍ ነው፤ በጋለ ትልቅ ብረት ገጹ ይተኮስና እስኪያንጸባርቅ ይወለወላል፣ ጅማቱም ይወጣል። የፉጂን ተራራ የሚወጡ ሰዎች ደግሞ የእንጨት ምርኩዝ ይዘው በየማረፊያ ጎጆው የከፍታውን ምልክት በጋለ ማኅተም ያስተኩሱበታል።

በጋለ ጫፍ መሣል በብዙ አገር ይገኛል። በኮሪያ ናክህዋ ይባላል፤ በፔሩ ሁዋንካዮ አጠገብ ባሉ መንደሮች ቅል ተቀርጾ በፍም ይጠቁራል። በአውሮፓ ግን ለረጅም ዘመን ከምድጃ የወጣ መኮስኮሻ ብረት ብቻ ነበር መሣሪያው፤ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ሠዓሊው ብዙ ብረት እያፈራረቀ ይሠራ ነበር። በእንግሊዝ ተወልዶ በቦስተን የኖረው ቀራጺ ሮበርት ቦል ሂዩዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚህ መንገድ ሥዕሎች ሠርቷል። ለውጡ የመጣው ከሕክምና ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ አንድሬ ፓኬለን በ1870ዎቹ ቁስል መተኮሻ ፈለሰፈ፤ ባዶ የፕላቲኒየም ጫፉ በላስቲክ ፊኛ እየተጨመቀ በሚገባ የቤንዚን ተን ሳያቋርጥ ይግላል። ሠዓሊዎች ይህን ወስደው እንደ ብዕር ያዙት፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤቶች የተተኮሰ ሣጥንና የፎቶ ፍሬም የተለመደ ጌጥ ሆነ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ብዕር መጣ።

በዛሬው ብዕር ቀለሙ የሚጠቁረው በሙቀቱና ጫፉ በሚቆይበት ጊዜ ነው፤ እጅ መጫን እንጨቱን ይጎዳል እንጂ አያጠቁርም። ፈካ ያለና ጅማቱ የማይጎላ እንጨት ይመረጣል፤ ሙጫ የበዛበት ጥድ ግን ሙጫው እየፈላ መስመሩን ያበላሻል። ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት መልስለስ አለበት። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ፣ በኬሚካል የታከመና ከእንጨት ጭረትና ከሙጫ የተጨመቀው ኤም ዲ ኤፍ የተባለው ሰሌዳ ጭሱ መርዛም ስለሆነ ፈጽሞ አይቃጠልም፤ በንጹሕ እንጨትም ቢሆን ክፍሉ አየር እንዲያገኝ ያስፈልጋል። ከማይክሮዌቭ ምድጃ በተፈታ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ የመብረቅ መሰል መስመር ማውጣት ብዙ ሰው ስለገደለ፣ የአሜሪካ የእንጨት ጠራቢዎች ማኅበር በዝግጅቶቹ ላይ ይህ አሠራር እንዳይታይ ከልክሏል።