የባትሪ ማከማቻ የት ይተከል? የካሊፎርኒያ ሕግና ሙግት

ካሊፎርኒያ ቀን ከፀሐይ የምታገኘውን ትርፍ ኤሌክትሪክ ለምሽት የምታቆየው በግዙፍ የሊቲየም ባትሪዎች ነው። የግዛቲቱ የማከማቸት አቅም እ.ኤ.አ. በ2019 ከ1,000 ሜጋ ዋት በታች ነበር፤ በ2025 ከ15,000 ሜጋ ዋት አልፏል። ባትሪ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ክርክር አብቅቷል ማለት ይቻላል። ያልበረደው የት ይተከል፣ ፈቃዱንስ ማን ይስጥ የሚለው ነው።

ባለሀብቶች ቦታ ሲመርጡ አስቀድመው የሚያዩት የኤሌክትሪክ መስመሩን ነው። ባትሪው ኃይል የሚቀበልበትና መልሶ የሚሰጥበት ከፍተኛ መስመር በቅርብ መኖር አለበት። ያረጁ የጋዝ ማመንጫዎች ይህ ስለተሟላላቸው ብዙ ይፈለጋሉ። ነገር ግን ከአጠገባቸው ከተማ፣ እርሻ ወይም የባሕር ዳርቻ የማይጠፋባቸው ጥቂት አይደሉም።

በሞንተሬይ ካውንቲ የሚገኘው የሞስ ላንዲንግ ጣቢያ እንዲህ ያለ ስፍራ ነው። ከጣቢያው ክፍሎች 300 ሜጋ ዋት የሚሰጠው የተተከለው በአሮጌው ማመንጫ የተርባይን አዳራሽ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2025 እሳት ተነሣ። የጋለ የሊቲየም ባትሪ ሙቀቱን ለጎረቤቱ እያቀበለ ስለሚሄድ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደረውን ሁሉ ማዳን አልተቻለም፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ነድዶ እስኪያልቅ መጠበቅን መረጡ። 1,200 ያህል ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቅቀው ወጡ፤ አውራ ጎዳና 1 ተዘጋ። ተመራማሪዎች ቆየት ብለው በአቅራቢያው ባለው የኤልክሆርን ረግረግ አፈር ላይ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት አገኙ። እሳቱም በፌብሩዋሪ እንደገና አገረሸ።

ከዚህ አደጋ በኋላ ባትሪው ከመኖሪያ ሊርቅ ስለሚገባው ርቀት ብዙ ተብሏል፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የባትሪዎቹ አደራደር ነው። አዳዲሶቹ ጣቢያዎች ባትሪውን ከቤት ውጭ፣ ተለያይተው በቆሙ የብረት ሣጥኖች ውስጥ ያኖራሉ። ኤንኤፍፒኤ 855 የተባለው የእሳት ደኅንነት ደረጃም በመካከላቸው ሊኖር የሚገባውን ክፍተትና የሚፈለገውን የቃጠሎ ሙከራ ይደነግጋል። አንዱ ሣጥን ቢነድ ሌላው ይተርፋል የሚለው ስሌት የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ፈቃድ መስጠት በልማድ የካውንቲና የከተማ ምክር ቤቶች ሥልጣን ነበር። በ2022 የወጣው ኤቢ 205 የተባለው ሕግ ግን 200 ሜጋ ዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያከማች ጣቢያ የሚገነባ ኩባንያ፣ ከፈለገ፣ በቀጥታ ለግዛቱ የኢነርጂ ኮሚሽን እንዲያመለክት ፈቀደ። ኮሚሽኑ ማመልከቻው ከተሟላ በኋላ በ270 ቀናት ውስጥ ይወስናል፤ የአካባቢው ምክር ቤት ቢቃወም እንኳ ማጽደቅ ይችላል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን ይሁንታ በ2025 ያገኘው በፍሬስኖ ካውንቲ የሚገነባው የዳርደን የፀሐይና የባትሪ ጣቢያ ነው።

የባሕር ዳርቻዋ የሞሮ ቤይ ከተማ ነዋሪዎች በ2024 በአሮጌው ማመንጫ ቦታ ላይ ሊተከል የታሰበውን 600 ሜጋ ዋት ባትሪ ለመግታት ድምፅ ሰጡ፤ የመሬቱ አጠቃቀም ያለ መራጮች ፈቃድ እንዳይለወጥ ወሰኑ። ኩባንያው ግን ወደ ኮሚሽኑ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነበረለት። ፍጥነቱ ለአየር ንብረት እንደሚጠቅም አምናለሁ፤ ቢሆንም እሳት ሲነሣ ደርሶ የሚጋፈጠው የከተማው እሳት አደጋ መከላከያ ነውና ድምፁ ሊታለፍ አይገባም።

በ2025 ለግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የቀረበው ኤቢ 303 የተባለው ረቂቅ ሕግ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለአካባቢዎች ለመመለስና ባትሪን ከመኖሪያና ከትምህርት ቤት 3,200 ጫማ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለማራቅ ያለመ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ኤስቢ 283 የተባለው ሕግ ደግሞ ኩባንያዎች ከማመልከታቸው በፊት ከአካባቢው እሳት አደጋ መከላከያ ጋር እንዲመክሩ ያስገድዳል። ኩባንያው የግዛቱን መንገድ ከመረጠ ግን የመጨረሻው ፊርማ አሁንም የኮሚሽኑ ነው።