ስለ ቬዝሌ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፈረንሳይ ቡርጎኝ ክልል በኮረብታ አናት ላይ ያለችው ቬዝሌ ነዋሪዎቿ 500 የማይሞሉ የገጠር ኮምዩን (አነስተኛ የአስተዳደር ክፍል) ናት። በመግደላዊት ማርያም ስም የተሰየመው ቤተ ክርስቲያኗ ዝነኛ በመሆኑ፣ ስለ እርሱ የሚነገረው ሁሉ ሳይመረመር ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ሕንጻው ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንዳለ የቆየ ነው» የሚለው እምነት እጅግ የተስፋፋ ነው። ዋናው አዳራሽ ከ1120ው ቃጠሎ በኋላ መሠራቱ እውነት ነው፤ ሆኖም የታሪካዊ ቅርሶች ተቆጣጣሪው ፕሮስፔር ሜሪሜ በ1834 ሲጎበኘው ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። በ1840 የ26 ዓመቱ ወጣት አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ እድሳቱን ተረክቦ እስከ 1859 ሲሠራ፣ ከጣሪያው ቅስቶች ከፊሎቹን እንደገና አነጸ፤ የተጎዱ የዓምድ ራሶችንም በቅጂ ተካ። በውጭው በር ላይ የሚታየው የፍርድ ቀን ቅርጽም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ይህን መናገር የቅርሱን ክብር አይቀንስም፤ ያለዚያ እድሳት ዛሬ የምናየው ፍርስራሽ በሆነ ነበር።

በዚህ ምክንያት ብዙዎች በውስጠኛው በር ላይ ያለውን ጥንታዊ ቅርጽም የፍርድ ቀን ይሉታል። እርሱ ግን ከክርስቶስ እጆች የሚወጣው ጨረር በሐዋርያት ላይ ሲወርድ የሚያሳይ፣ ወንጌል ወደ ዓለም መላኩን የሚናገር ነው። በዙሪያውም በዘመኑ በዓለም ዳርቻ ይኖራሉ የተባሉት ሕዝቦች ተቀርጸዋል፦ የውሻ ራስ ያላቸው፣ ጆሯቸው ገላቸውን የሚሸፍን፣ ከቁመቱ ማነስ የተነሣ በመሰላል ፈረስ ላይ የሚወጣ ድንክ ሳይቀር። ቀረብ ብሎ ላየው፣ ጠራቢው ለዚያች መሰላል የሰጣት ጥንቃቄ ልብ ይነካል።

የክሌርቮ ገዳም አበምኔት ቅዱስ በርናርድ መጋቢት 31 ቀን 1146 ለሁለተኛው የመስቀል ጦርነት የሰበከውም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አይደለም። ንጉሥ ሉዊ 7ኛን አጅቦ የመጣው ሕዝብ ከከተማዋ አቅም በላይ ስለነበረ፣ ስብከቱ የተሰጠው ከከተማዋ ውጭ በሜዳ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ለነበረበት ገዳም መዳከም የፈረንሳይ አብዮት ብቻ ተጠያቂ ተደርጎ ይቀርባል። አብዮቱ የገዳሙን ቤቶች አስፈርሷል፤ ውድቀቱ የጀመረው ግን በ1279 በደቡብ ፈረንሳይ በፕሮቫንስ የመግደላዊት ማርያም ዐፅም ተገኘ ተብሎ፣ ቀድሞ ዐፅሟ በቬዝሌ አለ በሚል ይመጣ የነበረው ተሳላሚ ወደዚያ ማዘንበል ሲጀምር ነው።

በመጨረሻም፣ ዩኔስኮ በ1979 የመዘገበው ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ ሳይሆን ኮረብታውንም ጭምር ነው።