ፓንቻንጋ ምንድን ነው?

ሕንድ ውስጥ ልጁን የሚድር የሂንዱ ቤተሰብ አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት ቀን ያስቆጥራል። ካህኑ ዓመታዊውን መጽሐፍ ገልጦ ይህ ቀን ይሆናል፣ ያኛው ይቅር ይላል። መጽሐፉም ቆጠራውም ፓንቻንጋ ይባላል። ቃሉ የሳንስክሪት ነው፤ «ባለ አምስት አካል» እንደ ማለት ነው።

አምስቱ ቲቲ፣ ቫራ፣ ናክሻትራ፣ ዮጋና ካራና ናቸው። አምስቱ ተደምረው የአንድን ሰዓት ጠባይ ይናገራሉ፤ ለምን እንደሚመች፣ ለምን እንደማይመች። ቫራ የሳምንቱ ቀን ነው። የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ሰዓቱን ከንጋት ለሚቆጥር ሐበሻ ይህ እንግዳ አይሆንም።

እኔን የሚገርመኝ ቲቲ ነው። ጨረቃ ፀሐይን በ12 ዲግሪ በቀደመች ቁጥር አንድ ቲቲ ይሞላል። ጨረቃ ጠፍታ ዳግም እስክትጠፋ 30 ቲቲ ይቆጠራል። ጨረቃ ግን ሁሌም እኩል አትሄድም። ወደ ምድር ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። ስለዚህ አንዱ ቲቲ በ19 ሰዓት ገደማ ሲያልቅ ሌላው 26 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ቀኑ የሚጠራው ፀሐይ ስትወጣ በነበረው ቲቲ ነው። አንድ ቲቲ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጀምሮ በማግስቱ ሳትወጣ ካለቀ ቀን አይሰየምለትም። ትናንት 4ኛ ነበር፣ ዛሬ 6ኛ ሆኖ ይነጋል። የማተሚያ ቤት ስህተት ይመስላል፤ ግን ሰማዩን እግር በእግር የተከተለ ስሌት ነው። ዕድል አለበት የለበትም የሚለውን ለአማኙ እተወዋለሁ፤ ስሌቱ ግን አስትሮኖሚ ነው።

ናክሻትራ ጨረቃ ያለችበትን ሠፈር ይነግራል። መንገዷ 27 ቦታ ይከፈላል፤ በቀን አንዱን ያህል ታልፋለች። ፑሽያ ላይ ስትደርስ ወርቅ መግዛት ደግ ነው ይባላል። ዮጋ ከፀሐይና ከጨረቃ ሥፍራ ድምር ይወጣል። ካራና የቲቲ ግማሽ ነው፤ ከካራናዎቹ ቪሽቲ የሚባለው ይፈራል፣ በእሱ ሰዓት አዲስ ነገር አይጀመርም።

የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ ብሔራዊ የቀን መቁጠሪያ አወጀ። ፓንቻንጋ ግን ከቤት አልወጣም። በደቡብ ሕንድ ብዙ ሰው ራሁ ካላምንም ያያል። ቀኑ ከንጋት እስከ ምሽት 8 ቦታ ይከፈልና አንዱ ክፍል ክፉ ተብሎ ይተዋል። ሰኞ ሁለተኛው ነው። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ወጥታ 12 ሰዓት ላይ የምትጠልቅ ከሆነ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ማለት ነው። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ሰው ታዲያ ቁልፉን ይዞ 3 ሰዓት እስኪያልፍ ይጠብቃል።