የጄኔ ታላቁ መስጊድ፦ በየዓመቱ የሚመረግ ጭቃ

ጄኔ በማሊ፣ በባኒ ወንዝ አካባቢ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። ታላቁ መስጊዷ በዓለም በጭቃ ከተሠሩት ሕንፃዎች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። በቦታው የመጀመሪያው መስጊድ የተሠራው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው ይባላል። አሁን የቆመው ግን እ.ኤ.አ. በ1907 የተጠናቀቀ ነው። ዘመኑ የፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ቢሆንም፣ የገነቡት የከተማዋ ግንበኞች ናቸው።

ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ብልሃቱ ቶሎ ይገባዋል። ግድግዳው ፀሐይ ላይ የደረቀ የጭቃ ጡብ ነው፤ በላዩ ጭቃ ተመርጎበታል። ወፍራም ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፤ ውጭው ሲያቃጥል ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ጣሪያው ላይ የሸክላ ክዳን ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሲሞቅ ክዳኑን ማንሳት ነው፣ የታመቀው አየር ይወጣል። ሕንፃው ያረፈው ከፍ ባለ መደብ ላይ በመሆኑ ወንዙ ሲሞላ ጎርፉ አይደርስበትም።

የጭቃ ጠላቱ ዝናብ ነው። ስለዚህ ምርጊቱ በየዓመቱ ይታደሳል። ጭቃው ከሩዝ ገለባ ጋር ተቦክቶ ጉድጓድ ውስጥ ለቀናት ይብላላል። በምርጊቱ ቀን ወጣቶቹ ጭቃ በቅርጫት ተሸክመው ይሽቀዳደማሉ፣ ሴቶች ውሃ ያመላልሳሉ፣ አዛውንቶች ተቀምጠው ያያሉ። ግርግሩ የሠርግ ያህል ነው። ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉት የዘንባባ እንጨቶች ለጌጥ ብቻ የተተከሉ አይደሉም፤ መራጊዎቹ የሚንጠላጠሉት እነሱ ላይ ነው። መወጣጫው አብሮ ተሠርቷል ማለት ነው። በእኔ እይታ የሕንፃው ትልቁ ጥበብ ይኼ ነው፤ ገና ሲነደፍ እንደሚታደስ ታስቦበታል።

ጣጣ ግን አለው። በየዓመቱ በጭቃ ላይ ጭቃ ሲደረብ ግድግዳው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከከባድ ዝናብ በኋላ ከመስጊዱ ማማዎች የአንዱ ከፊል ተናደ። በዚያው ጊዜ የአጋ ካን የባህል ድርጅት መስጊዱን እየጠገነ ነበር፤ ለዓመታት የተከመረው ምርጊትም ተላጠ።

የጄኔ ጥንታዊ ከተሞች፣ ማለትም ከተማዋና በዙሪያዋ ያሉት የጥንት መንደሮች ፍርስራሾች፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በ2016 ደግሞ በአካባቢው ፀጥታ መደፍረስ የተነሳ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገቡ። ጎብኚው ቢቀንስም፣ መስጊዱን የመመረጉ ሥራ የከተማው ሕዝብ እጅ ላይ ነው።