የክዋኔ ኦዲት ምንድን ነው?

የክዋኔ ኦዲት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ፕሮግራም የተመደበለትን ሀብት በቁጠባ፣ በብቃትና በውጤታማነት ተጠቅሞ የተቋቋመበትን ዓላማ ማሳካቱን የሚመረምር የኦዲት ዓይነት ነው። ኦዲት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የፋይናንስና ሕጋዊነት ኦዲትን ሲሆን፣ እርሱም ወጪው በማስረጃ መደገፉን፣ ግዥው ሕጉን ተከትሎ መፈጸሙንና ሒሳቡ በትክክል መመዝገቡን ያረጋግጣል። የክዋኔ ኦዲተር ደግሞ ገንዘቡ በሕጉ መሠረት የወጣ ቢሆን እንኳ አገልግሎቱ ለታሰበለት ሰው ደርሷል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ልዩነቱ በጤና ጣቢያ ጎልቶ ይታያል። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ እንደ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ባሉ፣ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ምክንያት ነዋሪው በአጭር ጊዜ በበዛባቸው አካባቢዎች የሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ እናስብ። መድኃኒት ወደ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 በተባለው የገቢ ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 በተባለው የወጪ ደረሰኝ ይመዘገባል፤ ቀሪው በቢን ካርድ፣ ማለትም በዕቃ መከታተያ ካርድ፣ ይታያል። ሰነዶቹ ከቆጠራው ጋር ከተስማሙ በዚህ ረገድ የሒሳብ ኦዲተሩ ነቀፌታ አይኖረውም። ሆኖም በዚያው ወር አንዲት የስኳር ሕመምተኛ እናት የጤና መድን መታወቂያቸውን ይዘው መጥተው፣ መድኃኒቱ ስለሌለ ከውጭ እንዲገዙ ተነግሯቸው ተመልሰው ሊሆን ይችላል። የክዋኔ ኦዲተሩ ሥራ የሚጀምረው ከእኚህ እናት ነው። የመድኃኒት ፍላጎቱ ሲተመን የአካባቢው ነዋሪ ቁጥር መጨመሩ ታሳቢ ተደርጓል? ጥያቄው ለአቅራቢው በወቅቱ ቀርቧል? መድኃኒቱ ለስንት ቀን ከመደርደሪያ ጠፋ? በአንጻሩ የአገልግሎት ጊዜው አልፎበት የተወገደ አለ? ዓመታዊ መዋጮ የከፈሉ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት፣ እንዲሁም መንግሥት መዋጮውን የሸፈነላቸው መክፈል የማይችሉ ወገኖች፣ እንደገና ከኪሳቸው ለመክፈል ተገደዋል?

ኦዲተሩ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲሰጥ በራሱ ግምት አይፈርድም። አስቀድሞ ከሕግ፣ ከመመሪያና ከተመርማሪው መሥሪያ ቤት ዕቅድ መመዘኛ ያወጣል፤ ከዚያም በናሙና፣ በቃለ መጠይቅና በመስክ ምልከታ የተገኘውን እውነታ ከመመዘኛው ጋር ያነጻጽራል። የጎደለው ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንና ያስከተለውን ጉዳት መግለጽም ይጠበቅበታል። ሪፖርቱ የመጨረሻ ከመሆኑ በፊት በመውጫ ስብሰባ የተመርማሪው ምላሽ ይሰማል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ አንዳንድ ጉድለት መነሻው ከመሥሪያ ቤቱ አቅም ውጭ ሊሆን ይችላልና።

በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም የከተማ ድሆችን የሚደግፈው ፕሮግራም፣ ከዚህም የከበደ ምርመራ ይሻል። የክፍያ ዝርዝሩ ላይ የተጠቃሚዎች ፊርማ መኖሩ ልየታው ትክክል እንደነበር አያስረዳም። በእኔ እምነት ትልቁ ጥያቄ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ሰው ይመለከታል፦ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ለቀጥታ ድጋፍ ሲለዩ፣ በቅርቡ ወደ ዳርቻው ተዛውረው በወረዳው ገና ያልታወቁ ድሆች ቤታቸው ተንኳኩቷል? በአካባቢ ልማት ሥራ ተሳትፈው የተመረቁት፣ ማለትም የድጋፍ ጊዜያቸውን ጨርሰው ከፕሮግራሙ የወጡት ቤተሰቦችስ ከተመረቁ በኋላ ራሳቸውን ችለዋል? ተመራቂዎችን መቁጠር ቀላል ነው፤ ኑሯቸውን ተመልሶ ማየት ግን ጊዜና ባለሙያ ይጠይቃል።

ማን ይመረምራል የሚለው ጉዳይ ለዳርቻው ነዋሪ ቀላል አይደለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 101 ሥልጣኑን የደነገገለት የፌዴራል ዋና ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ ይመረምራል፣ ሪፖርቱንም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። የአዲስ አበባ አስተዳደር የራሱ ዋና ኦዲተር ያለው ሲሆን፣ ከየካ አባዶ ብዙም ሳይርቅ ለገጣፎ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ግን በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ ጉዳዩ የኦሮሚያ ክልል ነው። የሁለቱ ወገን ነዋሪዎች በአንድ ታክሲ እየተጓጓዙ፣ ስለ ጤና ጣቢያዎቻቸው የሚጻፉት የኦዲት ሪፖርቶች ለተለያዩ ምክር ቤቶች ይቀርባሉ።

ዋና ኦዲተር የመቅጣት ሥልጣን የለውም። ግኝቱን ከማሻሻያ ሐሳብ ጋር ያቀርባል፤ ተመርማሪው የድርጊት መርሐ ግብር አውጥቶ ማስተካከል አለበት፤ በፌዴራል ደረጃ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ጠርቶ በይፋዊ ስብሰባ ይጠይቃል፤ የወንጀል ጥርጣሬ ካለ ጉዳዩ ወደ ፍትሕ አካላት ያመራል። ሰንሰለቱ የሚላላው ብዙ ጊዜ ከሪፖርቱ በኋላ ነው፤ ተመሳሳይ ግኝት በየዓመቱ ሲደጋገም ማየት እጅግ ያሳዝናል። ስለዚህ የክዋኔ ኦዲት ሪፖርት ለማንበብ ዕድል ያገኘ ሰው አዲሱን ግኝት ከማየቱ በፊት፣ ያለፈው የማሻሻያ ሐሳብ ተፈጽሞ እንደሆነ የሚገልጸውን ክፍል ቢፈልግ ስለ ተቋሙ የበለጠ ይረዳል።