ሁለቱ የተረሱ ዓመታት

የዮሴፍን ታሪክ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ እንቸኩላለን። ከጉድጓዱ ተነስተን ቤተ መንግሥት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብንም። «ዛሬ ጉድጓድ ውስጥ ብትሆን ነገ ዙፋን ላይ ነህ!» እንላለን፤ ጉባኤውም አሜን ይላል። ግን ያ «ነገ» ስንት ዓመት እንደፈጀ ቆም ብለን እናስብ። ታሪኩ ሲጀምር ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ነው። በፈርዖን ፊት ሲቆም ደግሞ 30 ዓመቱ ነበር። ወደ 13 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ሌላው ሰው ትዳር የሚይዝበት፣ ልጅ የሚያቅፍበት፣ ራሱን የሚችልበት ዕድሜ በባርነትና በእስር ቤት አለፈ።

ዛሬ በችኮላ የምናልፋትን አንዲት ክፍል ረጋ ብለን ብናያት ደስ ይለኛል። ዘፍጥረት ምዕራፍ 40 ላይ ናት።

የፈርዖን የጠጅ አሳላፊና የእንጀራ አበዛ አለቆች ታስረዋል። እንዲያገለግላቸው የተመደበው ዮሴፍ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ወደ እነርሱ ሲገባ ፊታቸው ጠቁሮ አየ። «ዛሬ ምን ሆናችሁ? ለምን አዘናችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። ለአፍታ እዚህ ላይ እንቁም። ጠያቂው ማነው? ወንድሞቹ የሸጡት፣ ባላደረገው ነገር ተከሶ የታሰረ ሰው ነው። «የእኔስ ፊት? እኔን ማን ጠየቀኝ?» ቢል ማን ይፈርድበታል? መከራ ሲረዝም ሰው የራሱን ቁስል ብቻ ማየት ይጀምራል። ዮሴፍ ግን የሰው ፊት ማየት አልተወም ነበር። እኔ ጽናቱ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «ሰው ጠይቁ፣ ትሾማላችሁ» እያልኩ አይደለም። ዮሴፍ ያንን ጥያቄ ሲጠይቅ የሚከተለውን አያውቅም ነበር። የዕለት ሥራውን እየሠራ ነበር፤ በቃ።

ያሳዘናቸው ያዩት ሕልም ነበር፤ ዮሴፍም ፈታላቸው። ለጠጅ አሳላፊው በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ሹመቱ እንደሚመለስ ነገረው። ከዚያም ለመነው፦ በጎ ነገር ሲሆንልህ አስበኝ፣ ለፈርዖን ንገርልኝ፣ ከዚህ ቤት አውጣኝ፤ ከአገሬ ሰርቀው ነው ያመጡኝ፣ እዚህም ለእስር የሚያበቃ ምንም አላደረግሁም። ይህን ልመና ይዘው «ዮሴፍ በሰው ስለተመካ እግዚአብሔር ሁለት ዓመት ጨመረበት» ብለው የሚያስተምሩ አሉ። እኔ ግን አልቀበለውም። መጽሐፉ እንዲህ የሚል ቃል የለውም። ዮሴፍ ታጋሽ ነበር፤ ከእስር ለመውጣትም ይፈልግ ነበር። ሁለቱ አይጣሉም።

ሰውየው ወጣ። ምዕራፉ የሚያበቃውም እርሱ ዮሴፍን ሳያስበው እንደረሳው በሚናገር ቃል ነው። ቀጣዩ ምዕራፍ ሲከፈት ሁለት ዓመት አልፏል። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ምን እንደሆነ አንድም መስመር አልተጻፈም።

የመጀመሪያውን ሳምንት መገመት አይከብድም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልብ ትንጠለጠላለች። «ዛሬ ይሆናል። ካልሆነ ነገ።» ከዚያ ወር ይሞላል። ሰውየው ሥራ በዝቶበት ይሆናል ትላላችሁ። ስድስት ወር ያልፋል። በኋላ ሰበብ መፈለጉም ይደክማል። የምርመራ ውጤት የጠበቀ፣ «እንደውልልሃለን» ተብሎ ስልኩን ሲያይ የከረመ፣ ልጅ ለማግኘት ዓመታት የጸለየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተስፋ ሳይኖር መጠበቅ ከባድ ነው። ተስፋ ጭላንጭሉን አሳይቶ ሲዘጋ ግን ይብሳል።

ታዲያ ዮሴፍን ምን አቆመው? ምዕራፍ 39 እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር እንደነበረ ደጋግሞ ይናገራል። መጀመሪያ በጲጥፋራ ቤት ባሪያ ሳለ፣ ኋላም እስር ቤት ከገባ በኋላ። ልብ በሉ፤ ያ ቃል በተነገረበት ሁሉ በሩ ወዲያው አልተከፈተም። ጌታ አብሮት ነበር፤ እርሱም እስረኛ ነበር። እኛ ብዙ ጊዜ የእግዚአብሔርን አብሮነት የምንለካው በተከፈተ በር ነው። በሩ ካልተከፈተ «ምን በድዬ ይሆን?» እንላለን። እርግጥ ነው፣ ራስን መመርመር መልካም ነው። ነገር ግን የበሩ መዘጋት ብቻውን እግዚአብሔር ርቋል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። የዮሴፍ እስር ቤት ይህንን በደንብ ያሳያል።

አሁን ወደ አንድ የምንሳሳትበት ነገር ልምጣ። ጽናትን ዝም ከማለት ጋር እናምታታዋለን። ጥርሱን ነክሶ የቻለ፣ እንባውን የዋጠ፣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚል ሰው ጸና እንላለን። ያለቀሰውን ደግሞ እምነቱ ደከመ። የያዕቆብ መልእክት ግን በምዕራፍ 5 ቁጥር 11 ላይ የትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ ያነሣው ኢዮብን ነው። ኢዮብ ዝም ያለ ሰው ነው እንዴ? የተወለደበትን ቀን ረገመ። ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ልሟገት አለ። ወዳጆቹ ናቸው ሥርዓት ያለው ንግግር የተናገሩት። በመጨረሻ ጌታ ወዳጆቹን «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» ብሎ ወቀሳቸው። ኢዮብ አጉረመረመ፤ ግን ያጉረመረመው ወደ እግዚአብሔር ነው። ፊቱን አላዞረም። ዳዊትም በአንድ አጭር መዝሙር ውስጥ አራት ጊዜ «እስከ መቼ?» ይላል፤ እኛም እስከ ዛሬ በጸሎት እናነበዋለን። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። ያንኑ ቃል ደግሞ ሦስት ጊዜ ጸለየ።

ስለዚህ እያለቀሳችሁ የምትጸልዩ ወገኖች፣ እንባችሁን የእምነት ጉድለት አታድርጉት።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ደግሞ ሳልናገረው ባልፍ ይከነክነኛል። ቤቷ ውስጥ የምትደበደብን ሴት «ቻይው እህቴ፣ መስቀልሽ ነው» የሚል ምክር በቤተ ክርስቲያን ስም ይሰጣል። ይህ ጽናት አይደለም። በመከራ በመጽናት ከጳውሎስ የሚበልጥ ሰው መጥራት ይቸግራል፦ አምስት ጊዜ አንድ ሲጎድል አርባ ተገርፏል፣ ሦስት ጊዜ በበትር ተመቷል፣ በድንጋይ ተወግሯል፣ ሦስት ጊዜ መርከብ ተሰብሮበታል። ያው ጳውሎስ ግን በደማስቆ ሊይዙት ሲጠብቁት በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ መስኮት ወርዶ አመለጠ። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ሲያስሩትም «ሮማዊን ያለ ፍርድ ልትገርፉ ተፈቅዶላችኋልን?» ብሎ መብቱን ጠየቀ። ስለ ወንጌል የመጣበትን መከራ ተቀበለ። ማምለጥ በሚቻልበት ደግሞ አመለጠ። መውጫ በር ያለው ሰው እንዲወጣ መርዳት የእኛ ድርሻ ነው። አስጨናቂውን «አቁም» ማለትም እንዲሁ።

መውጫ የሌለውስ? በሽታው የማይድን፣ የሞተበት የማይመለስ? እዚህ ላይ ሮሜ ምዕራፍ 5 መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥትም ፈተናን፣ ፈተናም ተስፋን እንደሚያደርግ ይነግረናል። እውነት ነው፤ አምናለሁም። ግን እባካችሁ ለቅሶ ቤት በመጀመሪያው ቀን አትጥቀሱት። ይህን ቃል የጻፈው ሰው እንኳ በእስያ የደረሰበት መከራ ከዓቅሙ በላይ ከብዶበት ለመኖር ተስፋ ቆርጦ እንደነበር ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል። የኢዮብ ወዳጆችም ካደረጉት ሁሉ የሚያምረው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ መቀመጣቸው ነበር።

ኤልያስ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ከዛፍ ሥር ሲተኛ እግዚአብሔር ስብከት አልላከለትም። የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነው የላከለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። «ለምን ደከምህ?» የሚል ተግሣጽ እዚያ ቦታ የለም። አንዳንዴ ለዛለ ሰው መንፈሳዊው ነገር መብላትና እንቅልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኮሬብ ድረስ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የሄደው።

ሙሴም እጁን አንሥቶ ሲጸልይ እጁ ከበደ። አሮንና ሆር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትጠልቅ እጁን ደገፉ። ሙሴ «የእግዚአብሔር ሰው ነኝ፣ ብቻዬን እችላለሁ» አላለም። ተቀመጠ፤ ተደገፈ። ድንጋዩን የሚያመጣ ሰው ከአጠገባችሁ ከሌለ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ። «ጸልዩልኝ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ ምን እንደሆናችሁም ንገሩት። የሚነግራችሁ ሰው ካለ ደግሞ ቃል የገባችሁለትን ጻፉት። ጠጅ አሳላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ረስቶ ነው።